ስስ ፊልም ባትሪ ይህን ያህል ጎበዝ ከሆነ ስልካችን ውስጥ ለምን የለም?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ እየመረጥኩ ነው። ስስ ፊልም ባትሪዎች በሺዎች ጊዜ ቻርጅ ቢደረጉም አይደክሙም፣ ፈሳሽ ስለሌላቸውም በቀላሉ እሳት አይይዙም የሚል አነበብኩ። ከተሠሩ ደግሞ 30 ዓመት አልፏቸዋል። ታዲያ ስልኬ ውስጥ ለምን የሉም? ስስ ፊልም ኤሌክትሮኒክሱን እንዲያ ቀይሮ ባትሪ ላይ ሲደርስ ለምን ከሸፈ? እዚህ መስክ ብገባ ጊዜዬን ማባከን ነው?»

አልከሸፈም። ጊዜሽንም አታባክኚም። ግን የዚህ ባትሪ መልካም ባሕርይ ከየት እንደመጣ በደንብ ካላየሽ የማይሆን ርዕስ ልትመርጪ ትችያለሽ። ስስ ፊልም ማለት ውፍረቱ በማይክሮሜትር (በሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ወይም ከዚያ ባነሰ የሚለካ ንብርብር ነው። ባትሪውን ጎበዝ ያደረገው ስስነቱ ነው። ትንሽ ያደረገውም ያው ስስነቱ ነው። አንዱን ወስደሽ ሌላውን መተው አትችዪም። ይህን በቁጥር አሳይሻለሁ። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ራስሽ ብትደግሚያቸው ደስ ይለኛል፤ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፉም።

ከኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል የሊቲየም አዮኖችን ከሚያሳልፈው ክፍል፣ እንጀምር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ፣ በኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ፣ ጆን ቤትስ፣ ናንሲ ደድኒና ባልደረቦቻቸው ላይፖን የሚባለውን ጠጣር ኤሌክትሮላይት ሠሩ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከሊቲየም ፎስፌት የተሠራ ታርጌት (ለፊልሙ አቶም የሚሰጠው ቁራጭ) ቫኪዩም ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ትንሽ ናይትሮጅን ጋዝ ይገባል። ጋዙ በሬዲዮ ሞገድ ፕላዝማ ይሆናል። የፕላዝማው አዮኖች ታርጌቱን እየደበደቡ አቶሞቹን ይፈነቅሏቸዋል። የተፈነቀሉት አቶሞች ፊት ለፊት ባለው መሠረት ላይ አርፈው ፊልም ይሆናሉ። ስፐተሪንግ የሚባለው ይኼ ነው። ናይትሮጅኑም ዝም ብሎ አያልፍም። ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ከፎስፈረሱ ጋር ይተሳሰራል። በዚህ ብቻ የፊልሙ ሊቲየም የማስተላለፍ አቅም፣ ናይትሮጅን ከሌለው ፊልም ጋር ሲነጻጸር፣ ከአስር እጥፍ በላይ ያድጋል።

አደገ ሲባል ግን ከምን ጋር? የላይፖን የአዮን አስተላላፊነት በክፍል ሙቀት በሴንቲ ሜትር 2 ማይክሮ ሲመንስ ገደማ ነው። ስልክሽ ባትሪ ውስጥ ያለው ፈሳሽ 10 ሚሊ ሲመንስ አካባቢ ነው። ፈሳሹ 5,000 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ብቻ ብንፈርድ ላይፖንን ማንም አይነካውም ነበር።

ያዳነው ስስነቱ ነው። የሚያሠራው ፊልም 1 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ውፍረቱን በአስተላላፊነቱ አካፍዪ፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ 50 ኦም ይመጣልሻል። አንድ ሚሊ አምፒር ብታሳልፊበት የሚጠፋው 50 ሚሊ ቮልት ነው። ለ4 ቮልት ባትሪ ይህ ምንም አይደለም። አሁን ያንኑ ላይፖን 1 ሚሊ ሜትር አድርገሽ አስቢው። ሬዚስታንሱ 50,000 ኦም ይሆናል። ያንኑ አንድ ሚሊ አምፒር ለማሳለፍ 50 ቮልት ይጠይቅሻል። ጭቃ መንገድ ሁለት እርምጃ ብቻ ከሆነ ጫማ ሳይበላሽ ይታለፋል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ላይፖን ሁለት እርምጃ የሆነ ጭቃ ነው።

ሌሎቹ መልካም ባሕርያቱም ከዚሁ ፊልምነቱ የሚመጡ ናቸው። ላይፖን ክሪስታል አይደለም። አቶሞቹ እንደ መስታወት ሥርዓት የለሽ ናቸው። ስለዚህ በክሪስታል ቅንጣቶች መካከል የሚኖረው ስፌት የለውም። ብዙ የሴራሚክ ኤሌክትሮላይቶችን የሚገድላቸው ያ ስፌት ነው። ሊቲየም ብረት ቻርጅ ሲደረግ በስፌቱ ውስጥ ሾልኮ ሌላው ጫፍ ይደርሳል፤ ባትሪው ሾርት ያደርጋል። ላይፖን ኤሌክትሮን የማሳለፍ ፍላጎቱም እጅግ ዝቅተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ባትሪው ተቀምጦ ሳለ ራሱን በራሱ አያፈስም ማለት ይቻላል። ከሊቲየም ብረት ጋር ሲነካካም ትንሽ ይለወጥና ይቆማል። በ2020 የታተመ የክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ይህ የተለወጠው ንብርብር ከ80 ናኖሜትር በታች እንደሆነ አሳይቷል። ፈሳሽ ቢሆን ኖሮ መብላላቱ በየቻርጁ ትንሽ ትንሽ ይቀጥል ነበር።

ያነበብሽው የዕድሜው ነገር እውነት ነው። በ2015 የኦክ ሪጅ ተመራማሪዎች ላይፖንን ከሊቲየም ብረት አኖድ (የባትሪው አሉታዊ ጫፍ) እና ወደ 5 ቮልት ከሚጠጋ የማንጋኒዝና የኒኬል ኦክሳይድ ካቶድ (አዎንታዊው ጫፍ) ጋር አጣምረው ውጤቱን አሳተሙ። ባትሪው 10,000 ጊዜ ቻርጅ ተደርጎ ተራግፎ 90 በመቶ አቅሙን ይዞ ነበር። ፈሳሽ ኤሌክትሮላይት በዚያ ቮልቴጅ ቶሎ ይበላሻል። ይህን ሥራ ዛሬም ሳነበው ያስደስተኛል። ጠጣር ባትሪ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል የሚለውን ነገር ከተስፋ ወደ ማስረጃ ያሻገረው እንዲህ ዓይነት ሥራ ነው።

እንግዲህ ወደ ስልክሽ እንምጣ።

ኃይል የሚከማቸው ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ አይደለም። ካቶዱና አኖዱ ውስጥ ነው፣ ያውም በአቶሞቹ ብዛት ልክ። ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድን እንውሰድ። ጆን ጉዲናፍ ኦክስፎርድ ሳሉ በ1980 ካቶድ እንደሚሆን ያሳዩት፣ በ2019 ለኖቤል ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ የሆነው ቁስ ነው። አንድ ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ፊልሙ በካሬ ሴንቲ ሜትር 69 ማይክሮ አምፒር ሰዓት ይይዛል። ሁለት ማይክሮሜትር ከሆነ 0.14 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው።

4,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ለስልክ ያስፈልጋል እንበል። በዚህ ፊልም ስንት ስፋት ይፈጃል? ወደ 2.9 ካሬ ሜትር። የስልኩ ጀርባ 105 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 280 ገደማ ንብርብር መደራረብ አለብሽ። እያንዳንዱ ንብርብር የሚያርፍበት መሠረት ይፈልጋል። መሠረቱን እጅግ ቀጭን፣ 50 ማይክሮሜትር ብናደርገው እንኳ የመሠረቶቹ ቁልል ብቻ 1.4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የብዙ ስልኮች ጠቅላላ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቁልል ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ቦታ የተያዘው ምንም ኃይል በማያከማች ነገር ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ አይደለም። ኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ለገበያ ያቀረበው ስስ ፊልም ባትሪ ነበር። ጎኑ 25.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሬ ነው፤ ውፍረቱ 220 ማይክሮሜትር፣ አቅሙ 0.7 ሚሊ አምፒር ሰዓት። ስፋቱን አስልተሽ ብታካፍዪ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.1 ሚሊ አምፒር ሰዓት ላይ ትደርሻለሽ። ከላይ ካሰላነው ጋር ይቀራረባል። ለትንሽ ሴንሰር፣ ለስማርት ካርድ፣ ሰዓት ለሚቆጥር ቺፕ መጠባበቂያ እንዲህ ያለ ባትሪ ጥሩ ነው። ለስልክ አይሆንም።

«ታዲያ ፊልሙን ለምን አናወፍረውም?» ትያለሽ። ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ ብዙ በር አለው።

አንዱ ጊዜ ነው። ሊቲየም ጠጣር ነገር ውስጥ የሚጓዝበት ጊዜ በርቀቱ ካሬ ያድጋል። ውፍረቱን አስር እጥፍ ካደረግሽው ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናል። አንድ ማይክሮሜትር ለማቋረጥ 100 ሰከንድ የሚፈጅበት ካቶድ፣ 10 ማይክሮሜትር ሲሆን 10,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የስልክ ባትሪ ካቶድ ከ50 ማይክሮሜትር በላይ ወፍሮ እንዴት ይሠራል ካልሽ፣ እሱ ጥቅጥቅ ፊልም አይደለም። ከደቃቅ ዱቄት የተሠራ ነው። ፈሳሹ በዱቄቱ መካከል ገብቶ እያንዳንዱን ቅንጣት ይነካል። ሊቲየሙ በጠጣሩ ውስጥ የሚሄደው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ፈሳሽ የሌለው ጥቅጥቅ ፊልም ይህን ዕድል አያገኝም።

ሁለተኛው ውጥረት ነው። ይኼኛውን ብዙ ተማሪዎች ይዘሉታል፤ አንቺ አትዝለዪው። ፊልሙ ከመሠረቱ ጋር ተጣብቋል። ሊቲየም ሲወጣና ሲገባ ክሪስታሉ ያብጣል፣ ይሸበሸባል፤ መሠረቱ ግን አይንቀሳቀስም። በፊልሙ ውስጥ የሚጠራቀመው የውጥረት ኃይል ከውፍረቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ፊልሙን ከመሠረቱ ጋር የያዘው የማጣበቂያ ኃይል ግን ውፍረት ቢጨምር አይጨምርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ወሰን አለ። ከዚያ ካለፈ ይሰነጠቃል ወይም ይላጣል። ስስ ፊልም የማይሰበረው ብርቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ለመሰበር የሚበቃ ኃይል ስላላጠራቀመም ነው። ሲሊከን አኖድ በጣም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሊቲየም ሲጠግብ መጠኑ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ስስ ፊልሙ ይህን ለብዙ ጊዜ ይችለዋል፣ ወፍራሙ በጥቂት ቻርጅ ይፈራርሳል።

ሦስተኛው የመሥሪያ ፍጥነት ነው። የላይፖን ስፐተሪንግ በደቂቃ ጥቂት ናኖሜትር ነው የሚያስኬድሽ። በደቂቃ 5 ናኖሜትር ብንል፣ 1 ማይክሮሜትር ለመሥራት 200 ደቂቃ ነው። በዚሁ ፍጥነት 50 ማይክሮሜትር ካቶድ ልሥራ ብትዪ ማሽኑ ያለማቋረጥ ሳምንት ይሠራል። ቫኪዩም ክፍል ውድ ነገር ነው፤ ሳምንት ሙሉ ለአንድ ባትሪ የሚይዘው የለም። በዚያ ላይ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይዱ ክሪስታል እንዲሠራ እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሞቃል። ፕላስቲክ መሠረት ይህን አይችልም።

የብናኝ ነገርም አለ። ኤሌክትሮላይቱ 1 ማይክሮሜትር ከሆነ፣ 1 ማይክሮሜትር የሆነች ብናኝ በቂ ናት። እሷ ባለችበት ቦታ ፊልሙ ይበሳል፣ ካቶድና አኖድ ይነካካሉ፣ ባትሪው አለቀለት። በአስር ካሬ ሴንቲ ሜትር አንድ ብናኝ ብቻ አለ እንበል። ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር የሆነ ባትሪ ስትሠሪ ከመቶው 90ው ደህና ይወጣል። 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስታደርጊው ግን ከ10,000 አንዱ እንኳ ደህና አይወጣም። ንጽሕናው አልተቀየረም፤ ስፋቱ ብቻ ነው ያደገው። ቤተ ሙከራ ውስጥ የጣት ጥፍር በምታህል ናሙና ላይ የታየ ውጤት ፋብሪካ ሲደርስ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ ይቀላል። ቺፕ ላይ ስስ ፊልም ያሸነፈው ቺፕ ብዙ ቁስ ስለማይፈልግ ነው። ትራንዚስተር ኃይል አያከማችም። በኤሌክትሪክ መስክ ሌላውን ማብራትና ማጥፋት ነው ሥራው። መስክ ደግሞ ንብርብሩ በሳሳ ቁጥር ይበረታል። ስለዚህ መሳሳት ለቺፑ ንጹሕ ትርፍ ነበር፣ እስከ አንድ ደረጃ ድረስ። በጌቱ፣ ማለትም ትራንዚስተሩን በሚያበራውና በሚያጠፋው ጫፍ፣ ሥር ያለው ሲሊከን ኦክሳይድ 1.2 ናኖሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ ጥቂት የአቶም ድርድር ብቻ ሲቀር፣ ኤሌክትሮኖች በኳንተም ሕግ በውስጡ ሾልከው ማፍሰስ ጀመሩ። በ2007 ኢንቴል ወደ 45 ናኖሜትር ቺፕ ሲያልፍ ኦክሳይዱን በሃፍኒየም ላይ በተመሠረተ ፊልም ተካው። የሲሊከን ኦክሳይድ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መስክ ምን ያህል ቻርጅ እንደሚያስይዝ የሚነግረው ቁጥር፣ 3.9 ነው። የሃፍኒየም ኦክሳይድ 20 ገደማ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ወፍራም አድርጎ ያንኑ ካፓሲታንስ ማግኘት ተቻለ። ማፍሰሱም ቀነሰ።

ያንን ፊልም ለመሥራት የሚያገለግለው አቶሚክ ሌየር ዲፖዚሽን ነው። ፊንላንዳዊው ቱኦሞ ሱንቶላ በ1970ዎቹ ለኤሌክትሮኒክ ማሳያ ሰሌዳ ብለው ያዳበሩት ዘዴ ነው፤ በ2018 የሚሌኒየም ቴክኖሎጂ ሽልማት አግኝተውበታል። አንዱ ጋዝ ይገባል፣ ገጽታው ላይ አንድ ድርድር ይይዛል፣ ትርፉ ይጠረጋል። ሁለተኛው ጋዝ ይገባል፣ ከመጀመሪያው ጋር ይዋሃዳል፣ ይጠረጋል። በአንድ ዙር 0.1 ናኖሜትር ገደማ ይጨመራል። ለ2 ናኖሜትር ጌት 20 ዙር ይበቃል። 50 ማይክሮሜትር ካቶድ ግን 500,000 ዙር ይፈልጋል። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ቢፈጅ ሁለት ወር ገደማ ይሆናል። ያው ማሽን ለቺፕ ወርቅ ነው፣ ለባትሪ አካል የማይታሰብ። የኤሌክትሮኒክሱና የባትሪው ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። መሳሳት የቁሱን መጠን ብቻ አይቀንስም፤ አንዳንዴ ቁሱን ራሱን ሌላ ያደርገዋል። ሃፍኒየም ኦክሳይድ ለዓመታት ተራ ዳይኤሌክትሪክ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቁስ) ተብሎ ሲታወቅ ኖሯል። በ2011 ግን ድሬስደን ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች፣ ትንሽ ሲሊከን የገባበት 10 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ፊልሙ ፌሮኤሌክትሪክ እንደሚሆን አሳተሙ። መስኩ ከጠፋ በኋላም አቅጣጫውን ያስታውሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ የማስታወሻ ቺፕ መሥራት ይቻላል። ይህን ባሕርይ ከወፍራም ቁራጭ ማንም አልጠበቀውም ነበር። የስስ ፊልም ምርምር የሚያጓጓኝ በዚህ ነው።

ወደ ጥናትሽ። እኔ ብሆን ስስ ፊልምን ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ለመሥራት አላውለውም። ሁለት ነገሮች በሚነካኩበት ገጽታ ላይ አውለዋለሁ። ምክንያቱም የዛሬዎቹ ትላልቅ ጠጣር ባትሪዎች ችግር አስተላላፊነት መሆኑ እየቀረ ነው። በ2011 የታተመ የጀርማኒየም፣ የፎስፈረስና የሰልፈር ኤሌክትሮላይት በሴንቲ ሜትር 12 ሚሊ ሲመንስ ደርሷል፤ ከፈሳሹ ጋር እኩል ነው። ችግሩ ከካቶዱ ጋር ሲነካካ መበላሸቱ ነው። መፍትሔውም ስስ ፊልም ነው! የካቶዱን ቅንጣት በጥቂት ናኖሜትር ሊቲየም ኒዮቤት መሸፈን። ይህ ሽፋን ራሱ ጎበዝ አስተላላፊ አይደለም። ግን ስስ ስለሆነ ሬዚስታንሱ አይሰማም፣ ሁለቱን ግን ለያይቶ ያቆያቸዋል። የላይፖን ብልሃት እዚህ ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ግን የያንዳንዱ ዱቄት ቅንጣት ላይ። ስፋቱ ትልቅ፣ ውፍረቱ ትንሽ፣ ኃይሉን የሚያከማቸው ደግሞ ዱቄቱ። ስስ ፊልም ከቦታው ሲገባ እንዲህ ነው።

ሌላው ጥሩ መንገድ ፊልሙን ለመለኪያ መጠቀም ነው። ዱቄት ውስጥ ማጣበቂያ አለ፣ ካርቦን አለ፣ ባዶ ቦታ አለ። የምትለኪው ነገር ከየትኛው እንደመጣ አታውቂም። ጥቅጥቅና ለጥ ያለ ፊልም ላይ ግን አንድ ገጽታ ብቻ ነው ያለሽ። ስፋቱን ታውቂያለሽ፣ ውፍረቱን ታውቂያለሽ። የገጽታ ሬዚስታንስ፣ የሊቲየም ፍጥነት፣ የሽፋን ውጤት እዚህ ላይ በንጽሕና ይለካል። በጀቱ ላነሰ ቤተ ሙከራም ይስማማል። ስፐተሪንግ ማሽን ባይኖር በስፒን ኮቲንግ (ጠብታውን በሚሽከረከር መሠረት ላይ በመዘርጋት) የሚሠሩ ኦክሳይድ ፊልሞች አሉ፤ ከኬሚካል ጠብታና ከምድጃ ብዙም አይርቁም።

ጽሑፍ ስታነቢም ሁለት ነገር አጥብቀሽ ፈልጊ። «በግራም ይህን ያህል ሚሊ አምፒር ሰዓት» የሚል ካየሽ የፊልሙን ውፍረት ፈልጊ። 100 ናኖሜትር ከሆነ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚይዘው ጥቂት ማይክሮ አምፒር ሰዓት ነው፤ ውፍረቱ ላይ በ20 በመቶ ከተሳሳቱ በግራም ያሉት ቁጥርም በዚያው ልክ ተሳስቷል። «በኪዩብ ሴንቲ ሜትር 100 ጁል» የሚል የካፓሲተር ፊልም ካየሽም እንዲሁ። ፊልሙ 100 ናኖሜትር ከሆነ በካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ሚሊ ጁል ነው። መሠረቱ አልተቆጠረም። ካፓሲተሩ ፈጣን ስለሆነ ለብዙ ሥራ ድንቅ ሊሆን ይችላል፤ ባትሪን ይተካል የሚል አረፍተ ነገር ሲከተለው ግን አትቀበዪው።

ከመሣሪያዎቹ ውስጥ ቀድመሽ ኢምፔዳንስ ስፔክትሮስኮፒን፣ ማለትም በተለያየ ፍጥነት የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ እያሳለፉ ሬዚስታንስ መለካትን፣ ተማሪ። ኤክስሬይ ዲፍራክሽን ክሪስታሉን ይነግርሻል፣ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውፍረቱንና ስንጥቁን ያሳይሻል፣ የገጽታው ሬዚስታንስ ከኤሌክትሮላይቱ ተነጥሎ የሚታየው ግን በኢምፔዳንስ ነው። አንድ ዓይነት ፊልም በሦስት የተለያየ ውፍረት ሥሪ። ከውፍረት ጋር የሚያድገው ሬዚስታንስ የፊልሙ ነው። ሳይለወጥ የሚቀረው የገጽታው ነው። ለመመረቂያ ጥናት ይህ ብቻውን የሚበቃ ሥራ ነው። ያለሽን ማሽንና መሠረት ጽፈሽ ብትልኪልኝ የትኛው ቁስ እንደሚያዋጣሽ በዝርዝር እመልስልሻለሁ።